ብረት ብረትን እንዳይነካ፦ ስለ ሰበቃና ስለ ቅባት

ከዘጌ የማገዶ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚመጡትን የደንገል ታንኳዎች ያስተዋለ ሰው፣ ሰበቃ የሚባለውን የፊዚክስ ጉዳይ ከመማሪያ መጽሐፉ አስቀድሞ ዐይቶታል ማለት ይቻላል። ታንኳው ውኃ ላይ ሳለ ከነጭነቱ አንድ ቀዛፊ ይበቃዋል። ቆሞ የነበረውን ለማስነሣት እንኳ በእጅ ቀስ አድርጎ መግፋት በቂ ነው፤ በዝግታም ቢሆን ይሄዳል። ያው ታንኳ ጭነቱ ወርዶለት በዳርቻው ጠጠር ላይ ሲጎተት ግን ነገሩ ይለወጣል። ትንሽ ቢገፉት ንቅንቅ አይልም፤ ጨመር አድርገው ቢገፉትም ያው ነው። ኃይሉ አንድ የተወሰነ ልክ ሲያልፍ ብቻ ድንገት ተላቅቆ ይንሸራተታል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ አይደለም፤ የዓይነት ነው። በጠጣርና በጠጣር መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ሊታለፍ የሚገባው ወለል አለው። ፈሳሽ የሚፈጥረው ተቃውሞ ግን ወለል የለውም፤ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ተቃውሞውም አብሮ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ባሉት መሣሪያ ሁሉ፣ ከብስክሌት እስከ ጠመንጃ፣ ከልብስ ስፌት መኪና እስከ ኃይል ማመንጫ ተርባይን፣ መሐንዲሶች የሚደክሙት የጠጠሩን ዓይነት ግንኙነት በተቻለ መጠን ወደ ውኃው ዓይነት ለመለወጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሚከናወን፣ የት ላይ እንደሚሳካና የት ላይ ደግሞ እንደማይሳካ በአካባቢያችን ከሚገኙ ነገሮች በመነሣት እንመለከታለን።

ለስላሳ የሚባለው ገጽ

አብዛኞቹ ተማሪዎች ሰበቃ የሚመጣው ከገጽ ሻካራነት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህም መፍትሔው ገጹን ማለስለስ ይመስላቸዋል። ይህ እስከ ተወሰነ ደረጃ እውነት ቢሆንም ሙሉ እውነት አይደለም። እጅግ በጥንቃቄ የተወለወሉና ፍጹም ንጹሕ የሆኑ ሁለት ብረቶች አየር በሌለበት ቦታ ቢነካኩ አይንሸራተቱም፤ ይጣበቃሉ እንጂ።

ነገሩን ለመረዳት ገጹን በጣም አጉልተን ማየት አለብን። በዐይናችን መስተዋት የሚመስለው ብረት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የታረሰ ማሳ ነው፤ ትልምና ጓል አለው። ሁለት ብረቶችን ማነካካት ማለት ሁለት የታረሱ ማሳዎችን ፊት ለፊት ገልብጦ ማገናኘት ማለት ነው። የሚነካኩት የጓሎቹ ጫፎች ብቻ ናቸው። የእነዚህ ጫፎች ጠቅላላ ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ማስላት ከባድ አይደለም። ጫፎቹ ጫናውን መሸከም እስኪችሉ ድረስ ይደፈጠጣሉ፤ ስለዚህ እውነተኛው የመነካኪያ ስፋት ከጫናው ለብረቱ ጥንካሬ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ይሆናል። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት 98 ኒውተን ይጫናል። የተራ ብረት ጥንካሬ 1.5 ቢሊዮን ኒውተን በካሬ ሜትር ገደማ ነው። ብናካፍለው ከ0.07 ካሬ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስፋት እናገኛለን። ብረቱ የተቀመጠበት ወለል የመጽሐፍ ያህል ቢሰፋም፣ በእርግጥ የሚነካካው ከመርፌ ቀዳዳ ያነሰ ቦታ ነው።

ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባ የኖረው የሰበቃ ሕግ ከዚህ ይፈታል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በማስታወሻው ላይ አስፍሮት፣ ፈረንሳዊው አሞንቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1699 እንደገና ደርሶበት እንደምናውቀው፣ የሰበቃ ኃይል ለጫናው ተመጣጣኝ ነው፤ በሚታየው የመነካኪያ ስፋት ላይ ግን አይመሠረትም። ጡብን በጎኑም ሆነ በጀርባው አስተኝተን ብንጎትተው የሚጠይቀን ኃይል አንድ ነው። ምክንያቱን ቦውደንና ቴቦር የተባሉ ተመራማሪዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሚገባ አብራሩት። የሚታየው ስፋት ቢጨምርም እውነተኛው ስፋት የሚወሰነው በጫናው ስለሆነ አይለወጥም። በእነዚያ ጥቃቅን ጫፎች ላይ ብረቶቹ ተበያይደዋል፤ ለማንሸራተት ብየዳዎቹን መቁረጥ ያስፈልጋል። የሰበቃ ምጣኔ ብለን የምንጠራው ቁጥር እንግዲህ የሁለት ነገሮች ውድር ነው፤ ብየዳውን ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ኃይል ለብረቱ ጥንካሬ ሲካፈል ማለት ነው።

ይህች ትንሽ ውድር የቅባትን ምሥጢር ሁሉ ይዛለች። ጠንካራ ብረት ብንመርጥ ጥንካሬው ይጨምራል፤ ነገር ግን ለመቁረጥም ይከብዳል፤ ውድሩ ብዙም አይለወጥም። ለስላሳ ብረት ብንመርጥ ለመቁረጥ ይቀልላል፤ ነገር ግን ይደፈጠጥና የመነካኪያ ስፋቱ ይጨምራል፤ አሁንም ውድሩ ያው ነው። ማምለጫው አንድ ነው፦ ጠንካራ አካል ላይ በጣም ስስ የሆነ ለስላሳ ቆዳ ማልበስ። ጫናውን ጠንካራው አካል ይሸከማል፤ የሚቆረጠው ግን ለስላሳው ቆዳ ነው። ያ ቆዳ ቆርቆሮ፣ እርሳስ፣ ግራፋይት፣ ሞራ ወይም ዘይት ሊሆን ይችላል። ንጹሕና ደረቅ ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት ምጣኔው ከ0.5 እስከ 0.6 ይደርሳል፤ ስስ የቅባት ቆዳ ሲኖረው ወደ 0.1 ይወርዳል።

ሴባስቶፖል በስንት ሰው ይጎተታል?

ቅባት ሳይጨመርም ሰበቃን ማታለል ይቻላል፤ መንኮራኩር የተፈጠረው ለዚሁ ነው። በዚህ ረገድ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ከምትገኘው ከጋፋት የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። አፄ ቴዎድሮስ በዚያ በሰበሰቧቸው አውሮፓውያን ባለ እጆች አማካይነት ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አስቀለጡ። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1867 ጀምሮ በተራራና በገደል ተጎትቶ መቅደላ አምባ የደረሰው በመጋቢት 1868 ነው፤ ከአምስት ወራት በላይ ፈጅቷል። የመድፉን ቅጂ አዲስ አበባ ውስጥ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው።

ጉዞውን በስሌት እንየው። 7 ቶን ማለት 68,600 ኒውተን ነው። መድፉ እንደ ግንድ መሬት ላይ ቢጎተት፣ ምጣኔውን 0.5 ብንወስድ፣ በደልዳላ ሜዳ እንኳ 34,300 ኒውተን ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሳይታክት 200 ኒውተን ያህል ይስባል ብንል 170 ሰው ግድ ነው። አሁን በሠረገላ ላይ እናውጣው። መንኮራኩሩ መሬቱን አይፋተግም፤ ይንከባለላል። ሰበቃው ግን አልጠፋም፤ ቦታ ለውጦ ወደ ዘንጉ ገብቷል። እዚያ ሁለት ነገር እናተርፋለን። አንደኛ፣ ዘንጉ የተወሰነ ቦታ ስለሆነ ሞራ ልንቀባው እንችላለን፤ አምባና ሸለቆውን ሁሉ ሞራ መቀባት ግን አይቻልም። ሁለተኛ፣ መንኮራኩሩ አንድ ዙር ሲዞር መሬት ላይ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ በዘንጉ ላይ የሚንሸራተተው ግን አጭር መንገድ ነው። የዘንጉ ሬዲየስ ከመንኮራኩሩ አንድ አሥረኛ ነው ብንልና በሞራ የተቀባው ዘንግ ምጣኔ 0.15 ነው ብንል፣ ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይል 68,600 × 0.15 × 0.1 ማለትም 1,030 ኒውተን ገደማ ይሆናል። አምስት ሰው!

ታዲያ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ለምን ደከሙ? መንኮራኩር ሰበቃን እንጂ የመሬትን ስበት አይቀንስም። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል አቀበት ላይ 6,860 ኒውተን ይጨመራል፤ ይህም 34 ሰው ነው። የደጋው ዳገት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይብሳል፤ በለስላሳ አፈር ላይ መንኮራኩሩ እየሰመጠ ራሱ የሚወጣው ጉድጓድ ይቆፍራል። እንግዲህ የዘንጉ ሰበቃ ከተሸነፈ በኋላ የቀረው ጠላት መንገዱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ጉዞ ላይ ከምንም በላይ የደከሙት መንገድ በማስጠረጉ ሥራ መሆኑ፣ በራሳቸው እጅ ድንጋይ እስከ ማንሣት መድረሳቸውም ጭምር፣ ከስሌቱ ጋር ይገጥማል። በእኛ አስተያየት የሴባስቶፖል ጉዞ ከመድፍ ሥራ ይልቅ የመንገድ ሥራ ታሪክ ነው።

ኩሽኔታ

ከሠረገላው ዘንግ ወደ ብስክሌት ስንመጣ አንድ እርምጃ እንጨምራለን፤ በዘንጉ ውስጥ የቀረውን መንሸራተትም ወደ መንከባለል እንለውጠዋለን። ኩሽኔታ የሚሠራው ይህንን ነው። በዘንጉና በጎማው እምብርት መካከል እንደ ብይ ክብ የሆኑ የጠነከረ ብረት ኳሶች ይደረደራሉ። ፈረንሳዊው ዡል ሱሪሬ እ.ኤ.አ. በ1869 ለብስክሌት የሚሆን ኩሽኔታ የፈጠራ መብት አወጣ፤ በዚያው ዓመት ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው ውድድር ያሸነፈው ጄምስ ሙር የጋለበው ይህ ኩሽኔታ የተገጠመለትን ብስክሌት ነበር። የኩሽኔታ ምጣኔ ከ0.001 እስከ 0.002 ነው። በሞራ ከተቀባው የሠረገላ ዘንግ ጋር ሲነጻጸር አንድ መቶኛ ያህል መሆኑ ነው።

ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ በመሆኗ፣ ባጃጅ ቢበዛም፣ ብስክሌት ዛሬም አልጠፋባትም። ስለዚህ ስሌቱን በከተማችን ብስክሌት ላይ እንሥራው። ጋላቢውና ብስክሌቱ በድምሩ 80 ኪሎ ግራም ይሁኑ። ኩሽኔታው ደህና ከሆነ በጎማው ጠርዝ ላይ የሚሰማን ተቃውሞ 0.04 ኒውተን ገደማ ነው፤ የለም ቢባል ይቀልላል። ኳሶች ባይኖሩትና ደረቅ ብረት በብረት ላይ ቢንሸራተት ግን 6 ኒውተን ገደማ ይደርሳል። በደንብ የተነፋ ጎማ በአስፋልት ላይ ሲንከባለል 5 ኒውተን ያህል ይቃወማል፤ አየሩ በጎደለ ጎማ ይህ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ስንጋልብ አየሩ ራሱ ሌላ 5 ኒውተን ገደማ ይጨምራል።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ አንድ ነገር ያስተውላል። ብስክሌቱ የከበደው ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ኩሽኔታውን ሳይሆን ጎማውን ነው። የኩሽኔታው ሰበቃ ደህና ሳለ 0.04 ከሆነ፣ አርጅቶ አሥር እጥፍ ቢሆን እንኳ 0.4 ነው፤ እግር አይለየውም። ታዲያ ኩሽኔታን ማጠብና ግራሶ መቀባት ከንቱ ልፋት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ሰበቃና መበላት። ሰበቃ ጉልበት ያባክናል፤ መበላት ደግሞ ዕቃውን ይጨርሳል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። አነስተኛ ሰበቃ ያለው ዕቃ በፍጥነት ሊበላ ይችላል፤ ብዙ ሰበቃ ያለው የፍሬን ሸራ ደግሞ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

ኩሽኔታን የሚበላው አቧራ ነው። በመንገዳችን አቧራ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ፤ ይህም ጠንክሮ ከተሠራው የኩሽኔታ ብረት እንኳ የሚጠነክር ነው። አንድ የኳርትዝ ቅንጣት በኳሱና በመንከባለያው መካከል ስትገባ እንደ ሞረድ ትፍቃለች፤ የፋቀችው ብረት ራሱ አዲስ ሞረድ ይሆናል። ግራሶ እዚህ ላይ የሚሰጠው ዋና አገልግሎት ማለስለስ ሳይሆን በር መዝጋት ነው፤ አቧራውንና የክረምቱን ውኃ ያግዳል። ቀጭን ዘይት ይህን አያደርግም፤ ሁለት ቀን ሳይቆይ ይፈስሳል። ካቴናው ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ካቴና ክፍት ስለሆነ ወፍራም ግራሶ ከተቀባ አቧራውን በሙሉ ይሰበስባል። እዚያ የሚሻለው በማጠፊያዎቹ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ቀጭን ዘይት ጠብታ በጠብታ ማድረግና ከውጭ ያለውን በጨርቅ መጥረግ ነው። የምግብ ዘይት የሚያፈሱ አሉ፤ ለጥቂት ቀን ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

በዘይት ላይ የቆመ ዘንግ

አሁን ወደ ታንኳው እንመለስ። ብረት ብረትን ጨርሶ ሳይነካው፣ ሙሉ በሙሉ በፈሳሽ ላይ ተንሳፎ መዞር ይችላል? ይችላል፤ የተገኘውም ሳይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቦሻምፕ ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር ዘንግ አቃፊን ሰበቃ ይመረምር ነበር። ዘይት ለመጨመር ሲል በአቃፊው አናት ላይ ቀዳዳ በሳ። ዘንጉ ሲዞር ግን ዘይቱ በቀዳዳው ሽቅብ ወጣ። በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተገፍቶ ወጣ። በእንጨት ደፈነው፤ እንጨቱም ወጣ። የግፊት መለኪያ ሲገጥምበት ግፊቱ በዘንጉ ላይ ካለው አማካይ ጫና በእጥፍ በልጦ ተገኘ። ዘይቱ የተቀባ ቆዳ ብቻ ሳይሆን ዘንጉን ተሸክሞ የቆመ ትራስ ነበር ማለት ነው።

ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1886 የሒሳብ ማብራሪያውን ሰጠ። ዘይት ዝልግልግ ስለሆነ ከሚዞረው ዘንግ ጋር ተጣብቆ ይጎተታል። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ በሆነ ክፍተት ውስጥ ሲጎተት ሁሉም በአንድ ጊዜ መውጣት ስለማይችል ግፊት ይፈጥራል፤ ያ ግፊት ዘንጉን ያነሣል። ለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ፍጥነት፣ ዝልግልግነትና የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ክፍተት። ክረምት ላይ ውኃ በተኛበት አስፋልት በፍጥነት የሚነዳ መኪና መሪው አልታዘዝ ሲለው የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ጎማው በውኃ ሽብልቅ ላይ ተንሳፏል። አንዱን ማሽን የሚያድን ሕግ ሌላውን ይገለብጣል።

ይህን ሐሳብ ከፍጻሜ ያደረሱት አውስትራሊያዊው ሚቸልና አሜሪካዊው ኪንግስበሪ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው። ዘንጉን የሚሸከመውን ሰሌዳ ከፋፍለው እያንዳንዱ ክፍል በትንሹ እንዲያዘነብል አደረጉ፤ ሽብልቁ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። ኪንግስበሪ የሠራው አቃፊ እ.ኤ.አ. በ1912 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በሆልትዉድ የውኃ ኃይል ማመንጫ ላይ ተገጠመ። ለአሥርተ ዓመታት አገልግሎ ሲፈተሽ መበላቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

የእኛም ሐይቅ ውኃ ተርባይን የሚያዞር በመሆኑ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሦስት ማሽኖቹ በድምሩ 11 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ በሚወስደው ውኃ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ አራት ተርባይኖች አሉት። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ብንጨምር፣ ከጣና የሚወጣው ዓባይ የሚያዞራቸው ዘንጎች ክብደት እየጨመረ መሄዱን እናያለን። በዚህ መጠን የሚሠሩ፣ ዘንጋቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ማሽኖች የሚሽከረከረው አካላቸውና የውኃው ግፊት ተደምሮ በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ይሆናል። ያ ሁሉ የሚያርፈው ውፍረቱ ከሰው ጠጉር ባነሰ የዘይት ሽፋን ላይ ነው።

ለምሳሌ 300 ቶን የሚሸከም አቃፊ እንውሰድ፤ የሚንሸራተተው ገጽ በሰከንድ 15 ሜትር ይሂድ። ሙሉ የዘይት ሽፋን ሲኖር ምጣኔው 0.002 ያህል ነው፤ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል 90 ኪሎ ዋት ይሆናል። ይህም ቀላል ስላልሆነ ዘይቱ በውኃ ይቀዘቅዛል። ሽፋኑ ተቀድዶ ምጣኔው ወደ 0.1 ቢወጣ ግን ሙቀቱ 4.5 ሜጋ ዋት ይሆናል፤ ከመጀመሪያዎቹ የጢስ ዓባይ ማሽኖች አንዱ ያመነጭ ከነበረው ሁሉ ይበልጣል። አቃፊውን የሚሸፍነው ቆርቆሮ የበዛበት ለስላሳ ብረት ወዲያው ይቀልጣል። የአቃፊ ዘይት ሙቀት ከፍ ማለቱን ያየ የማመንጫ ሠራተኛ ማሽኑን ለማቆም የማያመነታው ለዚህ ነው።

ሽፋኑ ፍጥነት ስለሚፈልግ ማሽኑ ሲነሣና ሲቆም አደጋ አለ። ትልልቅ ተርባይኖች ከመነሣታቸው በፊት በከፍተኛ ግፊት ዘይት ከሥር ተረጭቶ ዘንጉ በጥቂቱ ብድግ እንዲል የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽፋን የማይዙ ነገሮች

ታዲያ ሁሉንም ነገር በዘይት ላይ አናንሳፍፍም? ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ ነገር በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ይቆማል፤ ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን ሽብልቁ ይጠፋል። የልብስ ስፌት መኪና መርፌ ተሸካሚ ዘንግ፣ የሽጉጥ ተንሸራታች ክፍል፣ የብስክሌት ካቴና ማጠፊያ፣ የበር ማጠፊያ፣ ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። እነዚህን የሚያድናቸው ትራሱ ሳይሆን መጀመሪያ ያነሣነው ስስ ቆዳ ነው፤ የቆዳው ውፍረትም በሞለኪውል ይለካል።

የሞራና የአትክልት ዘይት ሞለኪውሎች ረጅም ጭራና አንድ ልዩ ራስ አላቸው። ራሱ ብረትና ውኃ ይወድዳል፤ ጭራው ይጠላል። ብረት ላይ ሲቀቡ ራሳቸውን ወደ ብረቱ፣ ጭራቸውን ወደ ውጭ አድርገው እንደ ሣር ጥቅጥቅ ብለው ይቆማሉ። ሁለት እንዲህ የለበሱ ብረቶች ሲገናኙ የሚነካካው ጭራ ከጭራ ነው። የተፈጥሮ ስብ ከብዙ ማዕድን ዘይት በተሻለ ብረት ላይ የሚጣበቀው በዚህ ራስ ምክንያት ነው፤ የዘመኑ ዘይት አምራቾችም ይህን ጠባይ የሚሰጡ ቅመሞችን ይጨምራሉ። ስብ ግን እንደ ቆየ ቅቤ ይሻግታል፤ አሲድ ሆኖም ብረቱን ያዝገዋል።

የእነዚህን ሞለኪውሎች ቁመት ለመለካት የመጀመሪያው መሣሪያ ኩሬ ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለንደን አጠገብ በአንድ ኩሬ ላይ ከሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ዘይት አፍስሶ ግማሽ ኤከር፣ ማለትም 2,000 ካሬ ሜትር ያህል ውኃ ጸጥ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1774 አሳትሞ አስነበበ። ማንኪያው 4 ሚሊ ሊትር ይይዛል ብንልና ብናካፍለው 2 ናኖ ሜትር ይመጣል፤ የአንድ ሞለኪውል ቁመት ያህል ነው። ፍራንክሊን ግን አላካፈለውም። ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1890 የሠራው ሎርድ ሬይሊ ነው፤ በዚያው ዘመን አግነስ ፖክልስ የተባለች ጀርመናዊት ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ በቤቷ ማድ ቤት በሠራችው መሣሪያ ከእሱ የተሻለ ልኬት እያገኘች ነበር።

ብረትን በስሱ የሚያለብስ ዘይት እንግዲህ ሐይቅንም በስሱ ያለብሳል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ለካቴናና ለበር ማጠፊያ ሲደረግ እናያለን። ዘይቱ ጥቁር የሆነው የካርቦን ጥላሸትና ከሞተሩ የተፋቀ ብረት ስለያዘ ነው፤ ማለትም በውስጡ ሞረድ አለ። ከዚህም በላይ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ውሁዶች አሉበት፤ በባዶ እጅ መነካካቱ አይመከርም። የሚተርፈው ወደ ቦይ ከተደፋ ደግሞ የባሕር ዳር የዝናብ ውኃ መሄጃው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ውኃ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭ የዘይት ሽፋን ውፍረቱ ከማይክሮ ሜትር አንድ ሦስተኛ ሊያንስ ይችላል። በዚህ ውፍረት አንድ ሊትር ዘይት ከ3,000 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ የእግር ኳስ ሜዳ እኩሌታ ገደማ ነው። አንድ ጊዜ የመኪና ዘይት ሲለወጥ ደግሞ 4 እና 5 ሊትር ይወጣል። ጣና ጥልቀቱ በአማካይ ከ10 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው፤ ዓሦቹ በብዛት እንቁላል የሚጥሉትና የሚያድጉትም ደንገል ባለበት ዳርቻና ወደ ሐይቁ በሚገቡ ወንዞች ነው። ዘይቱን በተከደነ ጀሪካን ማጠራቀም፣ ኩሽኔታ የታጠበበትን ነጭ ጋዝም አዝቅጦ ከላይ ያለውን ደግሞ መጠቀም ለጋራዡም ርካሽ ነው።

በብስክሌት የሚሠራ ሙከራ

እስካሁን ያልነውን ተማሪዎች በቀላሉ ሊፈትኑት ይችላሉ። ብስክሌቱን ገልብጣችሁ የፊት ጎማውን ንፋሱ ላይ ቀለም ወይም ፕላስተር አድርጉበት። ፍሬኑ ጎማውን እንደማይነካ ካረጋገጣችሁ በኋላ በእጅ አሽከርክሩትና እስኪቆም ድረስ በሞባይል ስልክ ቪዲዮ ቅረጹት። ከቪዲዮው ላይ በየ10 ዙሩ ያለፈውን ጊዜ መዝግባችሁ የጎማውን ፍጥነት ከጊዜ ጋር በግራፍ ንደፉ። ቸርኬው፣ ጎማውና ካላማዳሪው በድምሩ 1.5 ኪሎ ግራም፣ ሬዲየሱም 0.32 ሜትር ቢሆን፣ በሰከንድ ሁለት ዙር ይሽከረከር የነበረ ጎማ በ2 ደቂቃ ከቆመ፣ ተቃዋሚው ቶርክ 0.016 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ስሌቱን ራሳችሁ ሞክሩት።

ከዚያ ኩሽኔታውን ፈትታችሁ እጠቡ፤ አዲስ ግራሶ ቀብታችሁ ሙከራውን ድገሙት። ጎማው ከቀድሞው ፈጥኖ ቢቆም አትደናገጡ። ወፍራም ግራሶ ከደረቅ ኩሽኔታ ይልቅ ጉልበት ሊወስድ ይችላል፤ የገዛነው ረጅም ዕድሜ እንጂ ረጅም ሽክርክሪት አይደለም። ይልቅ የግራፉን ቅርጽ ተመልከቱ። ጠጣር ሰበቃ ፍጥነት ቢቀንስም ስለማይለወጥ ግራፉን ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ያደርገዋል፤ ጎማውም መጨረሻ ላይ ድንገት ገታ ይላል። የፈሳሽ ተቃውሞ ግን ፍጥነቱ ሲቀንስ አብሮ ስለሚቀንስ ግራፉ ይጎብጣል፤ ጎማውም እየተንቀራፈፈ ቀስ ብሎ ይቆማል። በቸርኬው ሽቦዎች መካከል የሚያልፈው አየርም በከፍተኛ ፍጥነት ግራፉን ስለሚያጎብጠው፣ ሁለቱን ግራፎች ማነጻጸር የሚገባው ጎማው ከዘገየ በኋላ ባለው የመጨረሻ ክፍላቸው ላይ ነው። እዚያ የመጀመሪያው ቀጥ ያለ፣ ሁለተኛው የጎበጠ ሆኖ ከወጣ፣ ኳሶቹ ደረቅ ብረት መፋተግን ትተው ግራሶ ላይ መሄድ ጀምረዋል ማለት ነው።